ጆይስቲኩን ራጅ ያነሳው ሰው

ልዑልቃል ማንኛውንም ዕቃ ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው። ስልክ ቢሰጡት ይገለብጠዋል። ሳሙና ቢሰጡት ያሸተዋል። የታሸገ ውሃ ሲገዛ ክዳኑ ቀጭ ብሎ መከፈቱን ጆሮውን ደቅኖ ይሰማል፤ ካልሰማ ውሃው ለእጅ መታጠቢያ ይሆናል። ሚስቱ ቤዚ፣ "እኔን ለማግባት ሰፈራችንን ሁለት ክረምት አጥንቷል። የአባቴን ጎረቤቶች በሙሉ ጠይቋል፤ የቀረው እኔን መጠየቅ ብቻ ነበር" እያለች ለእንግዳ ታወራበታለች። እንግዳው ይስቃል። ልዑልቃል አይስቅም፤ እንግዳው ለምን እንደሳቀ ያስባል።

ሰውየው ራጅ አንሺ ነው። ጋምቤላ መሃል ከተማ ባለች አንዲት የግል ክሊኒክ ውስጥ የሰው ደረት፣ የሰው ክንድ፣ የሰው ቁርጭምጭሚት ሲያነሳ ዓመታት አልፈዋል። ያደገው ደብረ ታቦር ነው። ለሥራ መጣ፣ ኒውላንድ ሰፈር ቤት ተከራየ፣ አገባ፣ ሙቀቱን ተላመደ፤ ሰውን ግን አልተላመደም። ታማሚው "ኧረ ማንም አልመታኝም" ይለዋል፤ አጥንቱ ደግሞ "ተመትቻለሁ" ይለዋል። ቀኑን ሙሉ በዚህ መሃል የሚውል ሰው ከገበያ እውነት ይጠብቃል ማለት ዘበት ነው።

ደግሞስ ማን ይፈርድበታል? አንድ ጊዜ መናኸሪያ አካባቢ ከአዟሪ ፓወር ባንክ ገዛ። አዟሪው እጁ ላይ አስቀመጠለትና "መዝነው፤ ኦርጂናል ዕቃ ይከብዳል" አለው። እውነትም ከበደ። ከሳምንት በኋላ ፓወር ባንኩ ከጠረጴዛ ወድቆ ሲሰነጠቅ ከውስጡ በላስቲክ የተቋጠረ አሸዋ ወጣ። አሸዋ! ባሮ ዳር በነጻ የሚዛቅ አሸዋ! እንደዚህ ያለ ሌባ አንድ ሰው ብቻ አይዘርፍም፤ ከእሱ በኋላ በቅንነት የሚሸጠውን ሁሉ አስቀድሞ ያዋርዳል። ልዑልቃል አሸዋውን አልጣለውም። እስከ ዛሬ የቲቪ ማስቀመጫው ላይ በብርጭቆ አድርጎ ይዞታል። ለምን እንደሆነ ቤዚ ስትጠይቀው፣ "እንዳልረሳ" አላት።

ይሄ ሰው በዓለም ላይ የሚወደው አንድ ጨዋታ ነው፤ በኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረር። በልጅነቱ ፓይለት መሆን አምሮት ቀርቶበት ነው ብላችሁ እንዳታዝኑለት። አልተመኘም። የወደደው የመለኪያዎቹን ነገር ነው። አንዱ መለኪያ ከፍታህ ይሄን ያህል ነው ቢልህ፣ ሌላው ያረጋግጥልሃል፤ አንዱ ቢዋሽ ሌላው ያጋልጠዋል። ከሥራ መልስ፣ መብራት ካለ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ ከጋምቤላ ማረፊያ ይነሳል፣ ባሮን ይዞ ወደ ጎሬ ተራሮች ይወጣል፣ ጅማ ያርፋል። ጨዋታው ውስጥ ወንዙ አለ፤ ከተማው ግን የለም። ድልድዩም፣ ኒውላንድም፣ እሱ ያለበትም ቤት የለም፤ ባዶ ሣር ነው። በዚህም አምራቾቹን ይጠረጥራቸዋል፤ ጋምቤላን ካላዩ ጅማን አይተዋል ብሎ ማን ያምናል?

ችግሩ አውሮፕላኑን የሚመራበት ዘንግ፣ ጆይስቲኩ ነው። አሮጌው ዘንግ አርጅቶ፣ እጁን ቢያነሳለትም አውሮፕላኑ ወደ ግራ ያዘነብላል። ውስጡ ያለው፣ እንቅስቃሴውን የሚለካው ሴንሰር እየተፋተገ የሚሠራ በመሆኑ አልቋል። ለማረፍ ሲወርድ ማኮብኮቢያው መሃል ላይ ያለው ነጭ መስመር ከሥሩ ይሸሻል። ስለዚህ ደህና፣ ዕድሜ ልክ የሚሆን፣ ውድ ጆይስቲክ ሊገዛ ወሰነ። ሲወስን ደግሞ መከራው ተጀመረ።

ምን ምን ማየት እንዳለበት ቪዲዮ እያየ ተማረ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አንዱን ቪዲዮ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ሴንሰሩ ሳይነካካ በማግኔት የሚሠራ መሆን አለበት፤ እንዲህ ከሆነ አያልቅም። ዘንጉ የሚዞርበት መጋጠሚያ ፕላስቲክ ሳይሆን ብረት መሆን አለበት። ሞላው ጠንካራ፣ መሃል ላይ ሲደርስ የማይንቀጠቀጥ። መሠረቱ ከባድ፣ ስትጎትተው የማይነሳ። ይሄን ሁሉ ተማረና በመጨረሻ አስተማሪዎቹን ጠረጠረ። "ሁሉም ያመሰግኑታል። ሁሉም በነጻ ነው የተሰጣቸው" አላት ቤዚን።

"ታዲያ የሚሰድበውን ፈልገህ እይ" አለችው።

"የሚሰድበው ደግሞ ተፎካካሪው የከፈለው ነው።"

ቤዚ ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

በቴሌግራም አንድ ያገለገለ አገኘ። ፑኝዶ ባለ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ዳዊ የሚባል ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የሚሸጠው ነው። ልዑልቃል ደወለ።

"ለምንድነው የምትሸጠው?"

"ልሄድ ነው። ኮንትራቴ አለቀ።"

"ወዴት ነው የምትሄደው?"

"ሐዋሳ።"

"ሐዋሳ ኮምፒውተር የለም? ለምን ይዘኸው አትሄድም?"

"ወንድሜ፣ ጆይስቲክ ልትገዛ ነው ወይስ ቃሌን ልትቀበል?"

"መጀመሪያ ቃልህን፣ ከዚያ ጆይስቲኩን።"

ስልኩ ተዘጋ። ልዑልቃል ወደ ቤዚ ዞሮ፣ "አየሽ? ጥያቄ የሚፈራ ሰው ነው" አላት።

የቀረው ሸሪፍ ነው። ሸሪፍ መሃል ከተማ ገበያው አፍ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው፤ ሚስቱ ራሂማ ባንኮኒው ላይ ትቆማለች፣ እሱ ይጠግናል፣ ከአዲስ አበባም ያስመጣል። ሶላር የሚፈልግ፣ የፍሪጅ ስታቢላይዘር የሚፈልግ፣ ሁሉም ሸሪፍ ጋ ይሄዳል። ከተማው የሚያውቀው በአንድ ነገር ነው፤ ኮፒ ከሆነ "ኮፒ ነው" ብሎ ይሸጥልሃል። ልዑልቃልም ከሁሉም ሰው መርጦ ግማሽ ያህል የሚያምነው እሱን ነው።

ሸሪፍ ሁለት ዓይነት አስመጣለት። አንደኛው ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ፣ በየቦታው ቁልፍ የተተከለበት፣ ቀለል ያለ። ሁለተኛው ጥቁር፣ ምንም የማያበራ፣ ድንጋይ የመሰለ። ልዑልቃል የመጀመሪያውን ይዞ ዘንጉን ነቀነቀው፤ መሃል ላይ ላላ ብሎ ተወዛወዘ። መልሶ አስቀመጠው። ሁለተኛውን ያዘ። ዘንጉ ወደፈለገው ቦታ ሄደለት፤ ሲለቀው ቀጥ ብሎ ቆመ። ልቡ ተሰረቀ። ልቡ ሲሰረቅ ደግሞ ይበልጥ ይጠረጥራል።

"ይከብዳል" አለ።

"ኦርጂናል ዕቃ ይከብዳል" አለ ሸሪፍ።

ልዑልቃል ቀና ብሎ አየው። ቃል በቃል ያው ነበር። የቲቪ ማስቀመጫው ላይ ያለው ብርጭቆ ትዝ አለው።

"ክፈትልኝና ውስጡን ልየው።"

"አልችልም። ሥሩን እየው፤ ይቺ ማሸጊያ ከተቀደደች አምጪው አይቀበለኝም። ተበላሽቶ ብትመልስልኝ ራሴ ላይ ነው የሚቀረው።"

"የሚደብቀው ነገር ከሌለ ለምን ያሽገዋል?"

"አንተ ሱሪህን የምትታጠቀው የምትደብቀው ነገር ኖሮ ነው?" አለች ራሂማ ከባንኮኒው። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ።

ሸሪፍ አልሳቀም። ካርቶኑን ገፋ አድርጎ ሰጠው። "ወስደህ እቤትህ ሞክረው። ሳትከፍል። ከወደድከው ነገ ትከፍላለህ፣ ካልወደድከው ትመልሳለህ። ግን ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አንተ የሰውን አጥንት የምታይ ሰው ነህ። ኮፒ ነው ካልክ ከተማው አንተን ነው የሚያምነው። ስሜን ይዘህ እንደምትሄድ እወቀው።"

ልዑልቃል ካርቶኑን ይዞ ባጃጅ ውስጥ ገባ።

ቤት ሰካው፤ ተነሳ፤ ጎሬን አለፈ። አውሮፕላኑ እንደ ሐሳብ ታዘዘለት። ጅማ ላይ ሲያርፍ ነጩ መስመር ከአፍንጫው ሥር አልተነቃነቀም። እጁን አነሳ፤ ዘንጉ ቀጥ እንዳለ ነው። ቤዚ ከኋላው ቆማ አየችና፣ "ጎሽ፤ በቃ ይሄ ነው" አለች።

"ኮፒ የመጀመሪያ ቀን ሁልጊዜ ጥሩ ነው" አላት።

እንግዲህ ንገሩኝ፤ እንዲህ ላለ ሰው ምን ዓይነት ማስረጃ ይበቃዋል? ቢበላሽ "ድሮም ጠርጥሬ ነበር"፣ ቢሠራ "ለማዘናጋት ነው"። ጥርጣሬ ከዕቃው ወጥቶ ሰውየው ውስጥ ሲገባ መውጫ የለውም። መሠረቱን እያገላበጠ፣ በጣቱ እያንኳኳ፣ ማሸጊያውን እያየ ቆየ። አሸዋ ይሆን? ብረት ይሆን? ክብደቱ የራሱ ነው ወይስ የተከተተለት? ይሄኔ ነበር ሐሳቡ የመጣለት። ማሸጊያውን ሳይቀድ ውስጡን የሚያይ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ ካለ፣ እሱ ራሱ ነው።

ጠዋት ጆይስቲኩን በፌስታል ይዞ ክሊኒክ ገባ። የራጅ ክፍሉ በር ላይ ሰው ቀድሞታል። ኛፑዎት የምትባል በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት የቀኝ አንጓዋን በሻርፕ አስራ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ከባጃጅ ስትወርድ ወድቃ ነው። አጠገቧ የእህቷ ልጅ ዊሊያም ቆሟል፤ የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ነው፣ ፈቃድ ጠይቆ ነው ያመጣት። እጇ አብጦ ጣቶቿ አንድ ላይ ተጣብቀዋል።

"ዶክተር፣ እኛ አንደኛ ነን" አለ ዊሊያም።

"አውቃለሁ። እናቴ፣ ትንሽ ይታገሱ፤ ውስጥ ሰው አለ" አለና ልዑልቃል በሩን ዘጋ።

ሰው አልነበረም። አልጋው ባዶ ነበር። ኛፑዎት የምትተኛበት ቦታ ላይ ጆይስቲኩን አስተኛው። ከበሩ በላይ ያለው ቀይ መብራት በራ፤ ውጭ ያሉት ሁለት ሰዎች አንጋጠው አዩት፣ ተራቸው እየቀረበ መስሏቸው። የተጭበረበረ ሰው መጠርጠር መብቱ ነው፤ እኔም አልነፍገውም። የታመመች ሴት አልጋ ላይ መጫወቻ አስተኝቶ መጠርጠር ግን የማንም መብት አይደለም። ይሄን እሱም ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው በሩን የቆለፈው።

አንድ ከላይ፣ አንድ ከጎን አነሳ። ስክሪኑ ላይ ወጣ። መሠረቱ ውስጥ ሁለት ነጫጭ አራት ማዕዘኖች፣ ወፍራም፣ ከምንም ጋር ያልተያያዙ የሚመስሉ። ብረት ናቸው። ዕቃው ላይ ሥራ የሌላቸው፣ ዝም ብለው የተቀመጡ ብረቶች። "ክብደት" አለ ለራሱ። "አሸዋው በብረት ተተካ።" ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን ፎቶ አነሳው። አዘነ ብትሉኝ አልቀበልም፤ ደስ ብሎት ነበር። የጠረጠሩት ነገር እውነት ሲሆን የሚሰማ ያ ክፉ ደስታ።

ጆይስቲኩን ፌስታል ውስጥ ከትቶ ኛፑዎትን ሊጠራ ወደ በሩ ሲሄድ መብራት ጠፋ። የከተማው በሙሉ። የክሊኒኩ ጄኔሬተር ተነሳ፤ ግን የላቦራቶሪውን ፍሪጅና አምፖሎቹን እንጂ የራጁን ማሽን አይችልም።

ጠበቁ። ምሳ ሰዓት ድረስ ጠበቁ። ኛፑዎት ግድግዳውን ተደግፋ ላቧን በደህናው እጇ ስትጠርግ ልዑልቃል በፊቷ ሁለቴ አለፈ። በመጨረሻ፣ "ዛሬ የሚመጣ አይመስልም። እጅዎን በመደገፊያ ስፕሊንት እናስርና ነገ በጠዋት ይምጡ" አለ። ዊሊያም ለአክስቱ በኑዌርኛ ነገራት። ከዚያ የተከፈተውን በር፣ ባዶውን አልጋ፣ የልዑልቃልን ፌስታል ተራ በተራ አየ።

ከሰዓት በኋላ ልዑልቃል ሸሪፍ ሱቅ ደረሰ። ገበያተኛ ነበር፤ ጸጥ እስኪል መጠበቅ ይችል ነበር፤ አልጠበቀም። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ስልኩን ከጎኑ አኖረ።

"ሸሪፍ፣ ይሄ ምንድነው?"

ሸሪፍ መነጽሩን አወረደና ፎቶውን አየ። "ምንድነው እሱ?"

"ትናንት ማታ የሰጠኸኝ የጆይስቲክህ ራጅ ነው። እነዚህ ነጫጮቹ ብረት ናቸው። ምንም ሥራ የላቸውም፤ ፓወር ባንኬ ውስጥ እንደነበረው አሸዋ ክብደት እንዲያስመስሉ የተከተቱ ናቸው። አንተንም አጭበርብረውህ ከሆነ ንገረኝ። አንተ ከሆንክ ደግሞ..."

"ጨርሰው" አለ ሸሪፍ።

ልዑልቃል አልጨረሰውም። ሰው ግን ጨረሰለት። አንድ በቴሌቪዥን ዋጋ የሚደራደር ሰውዬ እጁን ከቴሌቪዥኑ ካርቶን ላይ አነሳ። ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ ተነጋገሩ። ራሂማ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ከባንኮኒው ወጣች።

"ለእሱም አንሳለት" አለች። "ና፣ ባሌን አስተኛውና ራጅ አንሳው። ልቡ ውስጥ ላሜራ ካለ ለሁላችን ታሳየናለህ።"

"ራሂማ፣ ተይው" አለ ሸሪፍ። ካቻቪቴውን ከመሳቢያ አወጣ። ጆይስቲኩን ገለበጠና ማሸጊያዋን በጥፍሩ ቀደዳት። ልዑልቃል "ቆይ፣ አምጪው አይቀበልህም" ሊል ፈልጎ ነበር፤ ዘገየ። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ወጡ። ክዳኑ ተነሳ።

ነጫጮቹ ሁለት ብረቶች ነበሩ። ወፍራም ላሜራ፣ ከመሠረቱ ጋር በፋብሪካ ብሎን የታሰሩ፣ የአምራቹ ምልክት የተቀረጸባቸው። ዘንጉ ሲጎተት መሠረቱ እንዳይነሳ የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ ልዑልቃል ራሱ በሁለት ሁለት ቀን ካያቸው ቪዲዮዎች በአንዱ የተማረው ነገር ነው፣ "መሠረቱ ከባድ መሆን አለበት" ብሎ። ከብረቶቹ በላይ መጋጠሚያው ብረት ነው፣ ኩሽኔታው ብረት ነው፣ ማግኔቱ በቦታው አለ። ልዑልቃል ሰው ሲያነሳ ቦታው ያልሆነ ብረት ሲያይ በሽታ ነው፤ ጥይት ነው፤ የተዋጠ ሳንቲም ነው። ዕቃንም እንደ ሰው ነበር ያነበበው።

"ይኸው። አሸዋ አለበት?" አለ ሸሪፍ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"ኦርጂናል ነው" አለ ልዑልቃል።

"ጮክ በል። ቅድም ጮክ ብለህ ነበር።"

"ኦርጂናል ነው። ተሳስቻለሁ።"

በዚህ መሃል ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ዊሊያም ነው፤ ለመኪናው የስልክ ቻርጀር ሊገዛ ገብቶ ከጅምሩ ቆሞ ይሰማ ነበር። ወደ ባንኮኒው ቀረበና በልዑልቃል ስልክ ላይ ያለውን ፎቶ ጎንበስ ብሎ አየው።

"ዶክተር፣ ይሄን ራጅ መቼ አነሳኸው?"

ልዑልቃል ስልኩን በፊቱ ደፋው።

"ትናንት አይደለም። ሸሪፍ ትናንት ማታ ነው የሰጠህ፤ ክሊኒኩ ተዘግቷል። ዛሬ ከምሳ በኋላ አይደለም፣ መብራት የለም። ስለዚህ ጠዋት ነው።" እንደ ክስ አልነበረም አነጋገሩ፤ መንገድ እንደሚያስብ ሾፌር ነበር። "ጠዋት በሩ ላይ ቀይ መብራት በራ። ውስጥ ሰው አለ አልከን። እኔ በሩን አየሁ። ማንም አልወጣም።"

የቴሌቪዥኑ ሰውዬ መደራደሩን ትቶ ልዑልቃልን አየው። ሁለቱ ሴቶችም አዩት። የቅድሙ ዓይናቸው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተቀየረ።

"አክስቴ አሁን ቤት ተኝታለች። እጇ እንደዚህ ሆኗል" አለ ዊሊያም፤ በሁለት መዳፉ መጠኑን አሳየ። የቻርጀሩን ሒሳብ ለራሂማ ሰጥቶ ወጣ።

ሸሪፍ ክዳኑን መልሶ ገጠመ፤ ብሎኖቹን አጠበቀ። ካርቶን ውስጥ ከተተው። ለማንም ሳይሆን ለዕቃው የሚናገር ይመስል፣ "መጣላት አልፈልግም። ወስደህ ተጫወትበት። የሚሠራ ዕቃ ነው" አለ።

ልዑልቃል ዋጋውን በስልኩ ላከ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሸሪፍ ከእሱ የተላከ ገንዘብ ገብቶ እንደሆነ አይቶ አያውቅም፤ "ከላክ ልከሃል" ነበር የሚለው። አሁን ግን ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ መልእክቱ እስኪመጣ ጠበቀ፣ አነበበው። ከዚያ ካርቶኑን ገፋለት።

ቤት ሲደርስ ቤዚ፣ "እሺ፣ ኦርጂናል ነው?" አለችው።

"ነው።"

"ታዲያ ለምን አትሰካውም?"

ካርቶኑን ከአሸዋው ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጠው። ብርጭቆውን ግን አነሳና ወደ ደጅ ወስዶ የማንጎው ሥር ደፋው። ቤዚ በመስኮት አየችው።

በማግስቱ መብራት ነበር። ኛፑዎትና ዊሊያም ሲመጡ በሩ ክፍት ነበር፤ ልዑልቃል እንዲዘጋ አላደረገም፤ ማሽኑን እስኪያዘጋጅ ድረስ ዊሊያም ባዶ አልጋውን፣ ባዶ ጠረጴዛውን እንዲያይ ተወው። አንጓዋን ከነጣቶቿ በቀስታ አኖረ። ከሁለት አቅጣጫ አነሳ። ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ከአውራ ጣቷ ወገን ያለው አጥንት ተሰብሯል፣ ትንሽም ከቦታው ተንቀሳቅሷል።

"ተሰብሯል እናቴ" አላት። "መጀመሪያ በቦታው መመለስ አለበት፣ ከዚያ ጀሶ ይደረግለታል። ትናንት ቢታይ ለመመለስ ይቀል ነበር።" የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር መናገር አይጠበቅበትም ነበር። ተናገረው።

ዊሊያም ተረጎመላት። ኛፑዎት ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ በኑዌርኛ አንድ ነገር አለች፤ ዊሊያም መተርጎም ሳይፈልግ መሬት መሬት አየ። ስለዚህ ራሷ፣ በምትችለው አማርኛ፣ ጣቷን ወደ ስክሪኑ ቀስራ ጠየቀችው።

"ይሄ የኔ አጥንት ነው? ያንተ ዕቃ አይደለም?"

ልዑልቃል አልተቆጣም፤ በየትኛው ፊቱ ይቆጣል? ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው። የተጎዳውን እጇን በደህናው ደግፋ ቀስ ብላ እንድታነሳና ከስዕሉ አጠገብ እንድታደርገው በእጁ አሳያት። አነሳች። እሱም ድሮ ከባድ ሥራ የሠራችበትን፣ በአንድ በኩል ጎበጥ ያለውን የቀኝ ትንሽ ጣቷን ጠቆመ፤ ስክሪኑ ላይም ያው ጎባጣ ትንሽ ጣት ነበር።

ኛፑዎት ጣቷን አየች፤ ስክሪኑን አየች፤ ጣቷን ደግማ አየች። ገበያ ላይ የቀረበላትን ዕቃ እንደምትመረምር ሴት አልቸኮለችም። ልዑልቃልም እጁን አጣምሮ ቆመ፤ እስክታምነው ድረስ ጠበቀ።